ስርዝ ድልዝ የማይታይበት ሰነድ

በአገራችን ከውል፣ ከደረሰኝ ወይም ከቃለ ጉባኤ ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የሚለውን አባባል ያውቀዋል። ከአባባሉ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ግልጽ ነው። ወረቀት ሲፋቅ ይሳሳል፤ ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብ ይለያል፤ ብራና እንኳ ተፍቆ እንደገና ሲጻፍበት የቀድሞው ጽሑፍ ጥላ ይቀራል። ሰነዱን የለወጠው ሰው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ቁሱ ራሱ ይመሰክርበታል።

የኮምፒውተር ፋይል ግን እንዲህ አይደለም። በፋይል ውስጥ «5,000 ብር» የሚለው «50,000 ብር» ቢደረግ የተጨመረችው ዜሮ ከሌሎቹ ዜሮዎች አትለይም፤ አትደምቅም፣ አትፈዝምም። ሁሉም ነገር የ0 እና የ1 ሰልፍ ነውና ትናንት የተጻፈው 1 ዛሬ ከተጻፈው 1 የሚለይበት ምልክት በራሱ ላይ አይገኝም። ታዲያ አንድ ፍርድ ቤት ከሃርድ ዲስክ፣ ከሲዲ ወይም ከፍላሽ ዲስክ በተገኘ ፋይል ላይ ተመሥርቶ ሰውን ወደ ወህኒ ሲልክ ማስረጃው ስርዝ ድልዝ እንደሌለበት በምን ያውቃል? በዚህ ጽሑፍ ባለሙያዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡትን መልስ፣ መልሱ የሚሠራበትን ሳይንስና መልሱ ብቻውን የማይበቃበትን ቦታ እንመለከታለን። «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር ዓመታቱ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሁለት የሚደባለቁ ጥያቄዎች

በሰም የታሸገ ፖስታ በእጃችን ገባ እንበል። ሰሙ አልተሰበረም። ከዚህ የምንረዳው ፖስታው ከታሸገበት ጊዜ ጀምሮ ማንም እንዳልከፈተው ነው። በውስጡ ያለውን ደብዳቤ በእርግጥ ከግርጌው ስሙ የሰፈረው ሰው እንደጻፈው ግን ሰሙ አይነግረንም። ሐሰተኛ ደብዳቤም በሚገባ ሊታሸግ ይችላል።

በዲጂታል ማስረጃ ረገድም ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው «ይህ ፋይል ከተያዘበት ጊዜ ወዲህ ተነካክቷልን?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ፋይሉ በእርግጥ ነኝ የሚለውን ነው? ማን፣ መቼ፣ በምን ሠራው?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን አለመነካካት፣ ሁለተኛውን እውነተኝነት ብለን እንጠራቸዋለን። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሒሳብ ሊቃውንት እጅግ ጠንካራ መሣሪያ ሠርተውለታል። ለሁለተኛው የተሠራ አንድ ወጥ መሣሪያ የለም። አሳዛኝ ስሕተቶች የሚፈጠሩትም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው መልስ ለሁለተኛውም የሚያገለግል ሲመስል ነው።

ከመያዝ እስከ መቅዳት

የጠፋ ኮምፒውተር ፊት የቆመ መርማሪ ሊፈጽመው የሚችለው ትልቁ ስሕተት «ምን እንዳለበት ልይ» ብሎ ማብራት ነው። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ ብዙ ፋይሎች ላይ ይጽፋል፤ ቀኖችን ያድሳል፤ ጊዜያዊ ፋይሎችን ይፈጥራል፤ አንዳንዶቹንም ይደመስሳል። ስለዚህ ባለሙያው ዲስኩን አውጥቶ ማንበብን ፈቅዶ መጻፍን በሚከለክል መሣሪያ አማካይነት ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘዋል። ከዚያም እያንዳንዱን ቢት እንዳለ ይቀዳል። የሚቀዳው የሚታዩትን ፋይሎች ብቻ አይደለም፤ «ባዶ» የተባለውን ቦታም ጭምር ነው። ፋይል ሲሰረዝ በአብዛኛው የሚጠፋው ከቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ ካርዱ ነው እንጂ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ላይ ወዲያው አይነሣም። ምርመራው ሁሉ የሚካሄደው በቅጂው ላይ ሲሆን ዋናው ታሽጎ ይቀመጣል። ዲስኩ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው እሽግ ቁጥር እንደተላለፈ በርክክብ መዝገብ ይሰፍራል።

ሥርዓቱ የተቀረጸው ለማግኔታዊ ሃርድ ዲስኮች ስለነበረ ዛሬ የሚያስቸግርባቸው ሁኔታዎች አሉ። ኤስኤስዲ በሚባሉት አዳዲስ ዲስኮች ውስጥ የራሳቸው ትንሽ አንጎል አለ። እርሱም ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር የተሰረዙ ፋይሎች የነበሩበትን ቦታ በራሱ ጊዜ ሊያጸዳ ይችላል፤ መጻፍን የሚከለክለው መሣሪያም ይህን አያስቆመውም። የእጅ ስልኮችም ብዙውን ጊዜ ሳይበሩ አይቀዱም። በእነዚህ ሁኔታዎች ከባለሙያው የሚጠበቀው ምን እንዳደረገና ድርጊቱ ምን እንደለወጠ በጽሑፍ ማስፈር ነው።

ዲጂታል አሻራ

ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባይቶችን በዓይን ማነጻጸር አይቻልም። ለዚህ የሚያገለግለው ሃሽ የሚባለው ስሌት ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዘን በቀላል ምሳሌ እንጀምር።

471382 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። ከግራ ጀምረን እያንዳንዱን አሃዝ በተቀመጠበት ተራ ቁጥር እናባዛና ውጤቶቹን እንደምር። 4×1፣ 7×2፣ 1×3፣ 3×4፣ 8×5 እና 2×6 ሲደመሩ 85 ይሆናሉ። ይህን 85 «አሻራ» እንበለው። አሁን አንድ ሰው 8ቱን ወደ 9 ቢለውጥ አሻራው 90 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ቦታ ቢያለዋውጥ 82 ይሆናል። ሁለቱም ለውጦች ተጋለጡ ማለት ነው።

ነገር ግን ብልህ አጭበርባሪ ተራ ቁጥሮቹን አይቶ የመጀመሪያውን አሃዝ በ2 ይጨምራል፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ1 ይቀንሳል። ያገኘው 661382 ነው። አንባቢ ራሱ ቢያሰላው አሻራው 85 ሆኖ ያገኘዋል። ስሌታችን የድንገት ስሕተትን ይይዛል እንጂ ሆን ብሎ የሚያስብ ሰውን አያቆምም። በቁም ነገር የሚያገለግል አሻራ እንዲህ ያለውን የኋሊት ስሌት የማይቻል ማድረግ ይኖርበታል።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ሻ-256 የተሰኘው ስሌት አንድ ገጽ ደብዳቤም ሆነ አንድ ሙሉ ሃርድ ዲስክ ቢሰጠው የሚመልሰው ምንጊዜም 256 ቢት ርዝመት ያለው አሻራ ነው። ይህም በ16 ቤት ቁጥር ሲጻፍ 64 ምልክቶች ይሆናል። ከሙሉው ዲስክ ውስጥ አንዲት ቢት ብቻ ብትለወጥ ከ256ቱ የአሻራ ቢቶች በአማካይ ግማሾቹ ይገለበጣሉ። ሊኖሩ የሚችሉት አሻራዎች ብዛት 78 አሃዞች ያሉት ቁጥር ነው። ተመሳሳይ የሻ-256 አሻራ ያላቸውን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች እስከ ዛሬ በይፋ ያሳየ የለም።

ሁሉም አሻራዎች ግን እንዲህ አልቆዩም። ሮናልድ ራይቨስት የነደፈውና በ1992 በይፋ የታተመው ኤምዲ5 የተባለው ባለ 128 ቢት ስሌት ለረጅም ጊዜ የምርመራ ባለሙያዎች የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነበር። በ2004 ቻይናዊቷ የሒሳብ ሊቅ ዋንግ ሺያዩን ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ዓይነት የኤምዲ5 አሻራ ያላቸው ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ማግኘት እንደሚቻል በተግባር አሳየች። የእርሱ ተከታይ የሆነው ባለ 160 ቢቱ ሻ-1 ደግሞ በ2017 ተራው ደረሰ። የጉግልና በአምስተርዳም የሚገኘው የሒሳብና የኮምፒውተር ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ከ9 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌቶች አካሂደው አሻራቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ የፒዲኤፍ ፋይሎችን ለሕዝብ አቀረቡ። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋምም ሻ-1 እስከ 2030 መጨረሻ ድረስ ከአገልግሎት እንዲወጣ በ2022 አሳሰበ።

እንግዲህ በኤምዲ5 የተረጋገጠ የቆየ ማስረጃ ሁሉ ዋጋ አጣን? አላጣም፤ ምክንያቱን በልደት ቀን ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። 23 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ከመካከላቸው ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ከቀሩት 22 ተማሪዎች አንዱ ከእርስዎ ጋር በአንድ ቀን የተወለደ የመሆኑ ዕድል ግን ወደ 6 በመቶ ብቻ ነው። በ2004 እና በ2017 የተሰበረው የመጀመሪያው ዓይነት ችግር ነው። አጥቂው ሁለቱንም ፋይሎች ራሱ እያዘጋጀ እንዲገጣጠሙ ማድረግ ይችላል። አስቀድሞ ለተያዘና ሌላ ሰው ለሠራው ዲስክ ተመሳሳይ አሻራ ያለው ሐሰተኛ ምትክ መፈብረክ ግን ከዚህ እጅግ የከበደ ነው፤ በኤምዲ5 እንኳ ይህን በተግባር የፈጸመ የለም። ያም ሆኖ አንድን ዲስክ በጠንካራው ስሌት ማለፍ ብዙ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈጅ አይደለምና ዛሬ በኤምዲ5 ብቻ የሚሠራ ባለሙያ ምክንያቱ ምን እንደሆነ አይገባንም።

ከስሌቱ ጥንካሬ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአሻራው መቀመጫ ነው። ቅጂውና አሻራው በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጡ ቅጂውን የሚለውጥ ሰው አሻራውንም አስልቶ ይተካዋል። አሻራው ዋጋ የሚኖረው ዲስኩ በተያዘበት ሰዓት ተሰልቶ፣ ባለንብረቱና ምስክሮች በሚፈርሙበት ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ፣ ግልባጩም ለባለንብረቱ ሲሰጥ ነው። አሻራው ከወራት በኋላ በቤተ ሙከራ ቢሰላ ስለእነዚያ ወራት ምንም አይናገርም።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ዲጂታል ማስረጃ በፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲፈቅድ እውነተኝነቱን የማስረዳት ሸክሙን የጣለው በአቅራቢው ላይ ነው። አሻራው የዚህን ሸክም አንዱን ክፍል ያቃልላል። ሌላው ክፍል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳየው የቱርክ ታሪክ ነው።

የባልዮዝ ሲዲዎች

በጥር 2010 ታራፍ የተባለው የቱርክ ጋዜጣ «ባልዮዝ» ማለትም «መዶሻ» የሚል የምሥጢር ስም የተሰጠው የመፈንቅለ መንግሥት ዕቅድ በእጁ እንደገባ ጻፈ። ለዐቃቤ ሕግ በተላለፉት ሲዲዎች ውስጥ የነበሩት ሰነዶች የ2002 እና የ2003 ቀን ያለባቸው ነበሩ፤ በኢስታንቡል የሚገኘው የአንደኛው ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ቼቲን ዶአን ዋና አቃጅ እንደሆኑ ያሳዩ ነበር። 365 ሰዎች ተከሰሱ፤ ብዙዎቹ በሥራ ላይ ያሉና ጡረታ የወጡ የጦር መኮንኖች ነበሩ። በመስከረም 2012 ከ300 በላይ የሚሆኑት ጥፋተኞች ተባሉ፤ ሦስቱ ከፍተኛ አዛዦች የ20 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ ከተጻፈ በኋላ በቀላሉ የሚለወጥ ነገር አይደለም። ከአለመነካካት አንጻር ብቻ ላየው ሰው ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ የሰነዶቹ ቀን 2003 ይላል፣ የሲዲው ቀንም 2003 ይላል፣ ይዘቱም እንደታሸገ ነው።

ነገር ግን የጄኔራሉ ልጅ ፒናር ዶአንና ባለቤቷ ዳኒ ሮድሪክ ሰነዶቹን አንድ በአንድ መመርመር ጀመሩ። ሁለቱም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ናቸው። ያገኙት ነገር መጀመሪያ የታሪክ መዛባት ነበር። በ2003 ተጻፉ በተባሉት ሰነዶች ውስጥ ከዓመታት በኋላ ስማቸውን የለወጡ ድርጅቶች በአዲሱ ስማቸው ተጠርተዋል። ቀጥሎ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የፋይሎቹን ውስጣዊ አካል ሲፈትሹ ለካሊብሪ የፊደል ቅርጽ የተሰጠ ማጣቀሻ አገኙ። ካሊብሪ ለሕዝብ የቀረበው ከማይክሮሶፍት ኦፊስ 2007 ጋር ነው። በፋይሎቹ ውስጥ ከዚሁ ፕሮግራም ጋር የመጡ ሌሎች የአሠራር ቅሪቶችም ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በ2003 ተጽፎ የተዘጋ ሲዲ በ2007 የወጣ ፕሮግራም አሻራ ሊኖረው አይችልም። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው፤ ፕሮግራሙ የወጣበት ቀን ደግሞ ዓለም የሚያውቀው ነው። ታዲያ 2003 የሚለው ቀን ከየት መጣ? ከኮምፒውተሩ ሰዓት። ፋይል ሲቀመጥም ሆነ ሲዲ ሲቃጠል ቀኑ የሚወሰደው ከዚያው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን ደግሞ በኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ ሰው እንዳሻው ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። ሰነዱ በአሮጌው የኦፊስ ዓይነት እንዲቀመጥ ቢደረግም አዲሱ ፕሮግራም ከውስጥ የራሱን ምልክት መተዉ አልቀረም። ሐሰቱን የሠራው ሰው ስለ ሰዓቱ አስቦ ነበር፤ ስለ ፊደሉ ግን አላሰበም።

ለእነዚህ ሲዲዎች ሻ-256 ተሰልቶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እንከን የለሽ በሆነ ነበር። ሰነዶቹ ከተያዙ በኋላ አልተለወጡም፤ ሐሰት የነበሩት ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጥቅምት 2013 የ237ቱን ቅጣት አጸና። በሰኔ 2014 የቱርክ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የተከሳሾቹ መብት መጣሱን ወሰነ፤ ጉዳዩ እንደገና ታይቶም በመጋቢት 2015 የቀሩት 236 ተከሳሾች በሙሉ ነፃ ወጡ። እስከዚያ ድረስ ከመካከላቸው በርካቶቹ ዓመታትን በእስር አሳልፈዋል።

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ካሊብሪ ባየበት ሁሉ «ሐሰት» ብሎ ለመጮኽ የሚቸኩል እንዳይኖር ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ2017 በፓኪስታን በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ናዋዝ ሸሪፍ ቤተሰብ ላይ በተካሄደው ምርመራ ልጃቸው ማርያም ናዋዝ ያቀረበችው የየካቲት 2006 ቀን ያለበት ሰነድ በካሊብሪ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ከባልዮዝ ጋር ይመሳሰላል፤ ክብደቱ ግን እኩል አይደለም። በ2006 ካሊብሪ በሙከራ ሥሪቶች አማካይነት በአንዳንድ ሰዎች እጅ ነበረ። ስለዚህ በዚያ ዓመት መገኘቱ አጠራጣሪ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም። በ2003 መገኘቱ ግን በዚህ መንገድ የሚገለጽ አይደለም። ጥሩ ባለሙያ በ«አጠራጣሪ» እና በ«የማይቻል» መካከል ያለውን ልዩነት በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ይጽፋል።

ሰዓትን መጠየቅ

ባልዮዝ እንዳሳየን የጊዜ ምልክት ምስክር ነው፤ እንደ ማንኛውም ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየትኛው ሰዓት ነው የምትናገረው?» ነው። በዊንዶውስ የሚሠራበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ጊዜን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ መለኪያ ነው። በብዙ ፍላሽ ዲስኮች ላይ የሚገኘው ፋት የተባለው አሮጌ ሥርዓት ግን የአካባቢውን ሰዓት፣ የየት አገር እንደሆነ ሳይናገር ይጽፋል። በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር ሲጨመር ምስክሩ «ከጧቱ 2 ሰዓት» ይላል፣ ስክሪኑ 8 ሰዓት ያሳያል፣ በኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ውስጥ የተጻፈው ጥሬ መረጃ ደግሞ 5 ሰዓት ነው። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንዲት ቅጽበት ነው። ይህን ያላገናዘበ መርማሪ እውነተኛን ምስክር ሐሰተኛ ሊያደርገው ይችላል። እንዲሁም የኮምፒውተሩን ቀን ሲያስተካክል ሳያስተውል የኢትዮጵያን ዓመት ያስገባ ሰው ፋይሎቹ ሁሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጁ ይመስላሉ፤ ሰውየው ግን ማንንም ለማታለል አላሰበም።

ስለዚህ ባለሙያው አንድን ቀን ብቻውን አያምንም። ከሰነዱ ውስጥ ያለውን ቀን ከፋይል ሥርዓቱ መዝገብ ጋር፣ ያንን ከኢሜይል ሰርቨር ወይም ከስልክ ኩባንያ መዝገብ ጋር ያስተያያል። ተጠርጣሪው ሊደርስባቸው የማይችላቸው መዝገቦች የበለጠ ክብደት አላቸው። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሳይያዝ የቆየው ነፍሰ ገዳይ ዴኒስ ሬደር በ2005 ለቴሌቪዥን ጣቢያ በላከው ፍሎፒ ዲስክ ውስጥ የተሰረዘ ሰነድ ተገኝቶ፣ በሰነዱ ላይ «ዴኒስ» የሚል ስምና የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስም ሰፍሮ ነበር። መርማሪዎቹ ወደ ሰውየው የደረሱት በዚህ ነው። ሆኖም ስም በፋይል ላይ ማንም ሊጽፈው የሚችል ነገር ነውና ከመያዛቸው በፊት በዲኤንኤ ምርመራ አጣሩ።

አንባቢ በገዛ ፍላሽ ዲስኩ ሊሞክረው የሚችል አንድ ጥያቄ እናንሣ። የፋይሉን ባሕርይ የሚያሳየውን መስኮት ከፍተን «የተፈጠረበት» ቀን 2024፣ «የተሻሻለበት» ቀን 2019 ሆኖ ብናገኝ ምን እንላለን? ከመፈጠሩ በፊት የተሻሻለ ፋይል! ጀማሪ መርማሪ ሐሰተኛ ሰነድ እንደያዘ ሊምል ይችላል። በእርግጥ የሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ፋይልን ወደ ሌላ ዲስክ ሲቀዳ የተሻሻለበትን ቀን እንዳለ ይዞ ይሄዳል፤ የተፈጠረበትን ቀን ግን ቅጂው በአዲሱ ዲስክ ላይ ባረፈበት ጊዜ ይተካዋል። ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የታረመው በ2019 ነው፤ ፍላሹ ላይ የወጣው በ2024 ነው። ሁለቱም ቀኖች ትክክል ናቸው፤ ያም ቢሆን የሁለቱ ኮምፒውተሮች ሰዓቶች ትክክል ከነበሩ ነው።